ሕጉ ይቅደም ወይስ ሥራው? የንግድ ፈጠራ በትንንሽ ኢኮኖሚዎች

«ፈጠራ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል፡፡ አንደኛው ከዚህ በፊት በዓለም ላይ ያልነበረን ነገር ማስገኘት ነው፡፡ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚጠብቀው ይህንን ነው፡፡ ሁለተኛው ግን ሌላ ነው፡፡ ቀድሞ ያሉትን ነገሮች ወስዶ፣ አገናኝቶ፣ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው አዲስ አሠራር መዘርጋት ነው፡፡ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው፣ ማለትም ስለ ንግድ ፈጠራ ነው፡፡ ገበያቸው ጠባብ፣ ካፒታላቸው ጥቂት፣ የምርምር ተቋሞቻቸው ደካማ የሆኑ አገሮች የመጀመሪያውን ዓይነት በብዛት ሊያመርቱ አይችሉ ይሆናል፡፡ ሁለተኛውን ግን ይችላሉ፡፡ አንዳንዶቹም ችለዋል፡፡

ለመሆኑ በእነዚህ አገሮች የንግድ ፈጠራን የሚገፋው ምንድን ነው? በየስብሰባው የምንሰማቸው መልሶች ይታወቃሉ፡፡ ችግር ነው ይባላል፤ ካፒታል ነው ይባላል፤ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ነው ይባላል፡፡ ሁሉም እውነትነት አላቸው፡፡ ሆኖም ችግራቸው አንድ ዓይነት፣ ኪሳቸውም ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ጎረቤት አገሮች አንዱ ሲፈጥር ሌላው ለምን ዝም አለ የሚለውን አያስረዱም፡፡ በሙያዬ የሕግ ሰው ነኝና ወደዚያው አዘነበልክ ልባል እችላለሁ፡፡ ነገር ግን ልዩነቱን የሚፈጥረው ባለሥልጣኑ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ነገር ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብለት የሚሰጠው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ፡፡ ይህንንም በኬንያና በሞሪሸስ ምሳሌነት፣ ከዚያም በራሳችን ቤት ለማሳየት እሞክራለሁ፡፡

ችግር ብቻውን አይወልድም

እ.ኤ.አ. በ2006 በኬንያ የባንክ ሒሳብ የነበረው ከአምስት አዋቂ ሰዎች አንዱ ገደማ ብቻ ነበር፡፡ ናይሮቢ ሠርቶ ያገኘውን ገንዘብ ለእናቱ ወደ ገጠር መላክ የፈለገ ሰው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ፣ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ዘመድ ኪስ፣ ወይም በፖስታ ቤት ይልክ ነበር፡፡ ገንዘቡ በመንገድ ይቀራል፣ ይዘገያል፣ ይጎድላል፡፡ ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ ሰውም አዲስ አይደለም፡፡ ከሞያሌ ወዲህም ከሞያሌ ወዲያም ችግሩ አንድ ነበር፡፡ «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» እንላለን፡፡ ይሁንና «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የምንልም እኛው ነን፡፡ ችግር መውጫ እንድንፈልግ ያስገድደናል እንጂ የምናገኘው መውጫ የተሻለ እንዲሆን ዋስትና አይሰጥም፡፡

ቴክኖሎጂውም ቢሆን የኬንያ ብቻ አልነበረም፡፡ በተንቀሳቃሽ ስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ በፊሊፒንስ ቀድሞ ተጀምሯል፡፡ «ስማርት መኒ» በ2001፣ «ጂካሽ» ደግሞ በ2004 እዚያ ሥራ ላይ ውለው ነበር፡፡ ኬንያውያን የተጠቀሙበት አጭር የጽሑፍ መልዕክት በማንኛውም ርካሽ ቀፎ ላይ የሚሠራ ተራ አገልግሎት ነው፡፡

የኤም ፔሳ አነሳስ ራሱ ትምህርት አለው፡፡ የብሪታንያ መንግሥት የልማት ተራድኦ መሥሪያ ቤት የገንዘብ አገልግሎትን ለድሃው ለማዳረስ ያቋቋመው የውድድር ፈንድ ነበር፡፡ በቮዳፎን ይሠራ የነበረው ኒክ ሂዩዝ ከዚህ ፈንድ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አገኘ፤ ኩባንያውም ከራሱ ጨመረበት፡፡ በጥቅምት 2005 በናይሮቢና በቲካ ጥቂት መቶ ደንበኞችን ይዞ ሙከራው ተጀመረ፡፡ ዓላማው የማይክሮፋይናንስ ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ማድረግ ነበር፡፡

ሰዎቹ ግን አገልግሎቱን ለሌላ ነገር ተጠቀሙበት፡፡ እርስ በርሳቸው ገንዘብ ይላላካሉ፤ ራቅ ላለ ዘመድ የስልክ ካርድ ይሞላሉ፤ ጉዞ ሲወጡ በአንዱ ከተማ አስገብተው በሌላው ያወጣሉ፡፡ የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ተጠቃሚውን «መመሪያው ይህን አይልም» አላሉትም፡፡ የብድር አከፋፈሉን ትተው ሰው የፈለገውን ይዘው ወጡ፡፡ ሳፋሪኮም በመጋቢት 2007 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት ማስታወቂያው የሚለው ገንዘብ ወደ ቤት ላኩ ብቻ ነበር፡፡ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ፡፡

ጉዳዩ ማዕከላዊ ባንክ ሲደርስ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፡፡ የስልክ ኩባንያ ከሕዝብ ገንዘብ ተቀብሎ ሲያስቀምጥና ሲፈለግ ሲመልስ «የባንክ ሥራ» እየሠራ አይደለምን? በማንኛውም አገር ያለ ፈቃድ የባንክ ሥራ መሥራት ወንጀል ነው፡፡ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሹማምንት ይህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በእጃቸው አንድም የተንቀሳቃሽ ስልክ ገንዘብ ሕግ አልነበረም፡፡ «ሕግ እስኪወጣ ጠብቁ» ብለው ፋይሉን ቢዘጉት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፡፡

እነርሱ ግን ጥያቄውን ገለበጡት፡፡ የባንክ ሕጉ የሚከለክለው ምንድን ነው? የባንክ ሥራ ማለት የሕዝብን ገንዘብ ተቀብሎ በራስ ኃላፊነት ማበደርና ከዚያ ማትረፍ ነው፡፡ ሳፋሪኮም ይህን እንዳያደርግ ከታገደ ባንክ አይደለም ማለት ነው፡፡ ስለሆነም ከደንበኞች የሚሰበሰበው ገንዘብ በሙሉ ፈቃድ ባለው ባንክ በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ኩባንያው እንዳይነካው፣ ለደንበኛውም ወለድ እንዳይታሰብ ተደረገ፡፡ በስልኩ ላይ ለሚታየው እያንዳንዱ ሽልንግ በባንክ አንድ ሽልንግ ይኖራል፡፡ ይህን ካረጋገጠ በኋላ ማዕከላዊ ባንኩ «አንቃወምም» የሚል ደብዳቤ ሰጠ፡፡ በሕግ ቋንቋ ይህ ፈቃድ አይደለም፡፡ «እየተመለከትንህ ሥራ» ማለት ነው፡፡

ፈተናው ሩቅ አልነበረም፡፡ ከታኅሣሥ 2007 ምርጫ በኋላ ኬንያ በብጥብጥ ስትናጥ፣ ባንኮች በየቦታው ሲዘጉ፣ ሰዎች በያሉበት ሆነው በስልክ ገንዘብ ተላላኩ፡፡ በ2008 መጨረሻ ደግሞ ባንኮቹ ተነሡ፤ ያለ ባንክ ፈቃድ እንዴት ይሠራል የሚለው ግፊት በረታ፡፡ በወቅቱ ተጠባባቂ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ጆን ሚቹኪ አገልግሎቱ እንዲመረመር አዘዙ፡፡ በ2009 መጀመሪያ የወጣው ውጤት የደንበኞች ገንዘብ አስተማማኝ በሆነ ሁኔታ መያዙን አረጋገጠ፡፡ ኬንያ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት ሕጓን ያወጣችው በ2011 ነው፤ ሥራው ከተጀመረ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፡፡

እርግጥ ነው፣ በዚያን ጊዜ የኬንያ መንግሥት ራሱ የሳፋሪኮም ትልቁ ባለ ድርሻ ነበር፡፡ ይህም ሳይረዳ አልቀረም፡፡ አንድ ምስኪን ወጣት ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ቢመጣ ደብዳቤው በዚያ ፍጥነት ይጻፍለት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡ ውጤቱ ግን አያከራክርም፡፡ ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት ኤም ፔሳ 194 ሺሕ የኬንያ ቤተሰቦችን ከከፋ ድህነት እንዳወጣ ገምተዋል፡፡ ሌሎች ንግዶችም በላዩ ላይ በቀሉ፡፡ በ2012 ሥራ የጀመረው ኤም ኮፓ በየቀኑ በስልክ በሚከፈል ጥቂት ሽልንግ የፀሐይ መብራት ለገጠር ቤቶች ሸጠ፡፡ ከመሥራቾቹ አንዱ ያው ኒክ ሂዩዝ ነው፡፡

እኛ ዘንድ ምን ሆነ?

ሙከራው በቲካ ሲካሄድ እኛ ዘንድ አጭር የጽሑፍ መልዕክት ጨርሶ አልነበረም፡፡ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ድረስ ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆይቷል፡፡ ኤም ፔሳ ሲመረቅም ገና አልተከፈተም፡፡ ያኔ አንድ ኢትዮጵያዊ ያንኑ ሐሳብ ቢያመጣ የሚሠራበት መንገድ እንኳ አልነበረውም፡፡

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የሕግ ታሪክ ነው፡፡ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003ን ያወጣነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፡፡ ልብ በሉ፣ ኬንያ ሕጓን ባወጣችበት በዚያው ዓመት ነው! በወረቀት እኩል ነን፡፡ ልዩነቱ እነርሱ ለሚሠራ ነገር ሕግ ሲያወጡ እኛ ለሌለ ነገር ሕግ ማውጣታችን ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ በተንቀሳቃሽ ስልክና በወኪል የሚሰጠውን የባንክ አገልግሎት ለገንዘብ ተቋማት ብቻ ፈቀደ፡፡ እንደ ኤም ብርና ሔሎ ካሽ ያሉት አገልግሎቶች ከዚያ በኋላ የመጡት በባንኮችና በማይክሮፋይናንስ ተቋማት ጥላ ሥር ሆነው ነው፡፡ ባንክ ያልሆነ ድርጅት የክፍያ መሣሪያ አውጪ ሆኖ ፈቃድ እንዲያገኝ በር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ መመሪያ ነው፡፡ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ተጀመረ፡፡ ኤም ፔሳ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2023 በሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኩል አዲስ አበባ ደረሰ፡፡

ቴሌብር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መዝግቧል፡፡ ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል፡፡ አንደኛ፣ የመንግሥት ድርጅትም በሩ ሲከፈትለት ሊሮጥ እንደሚችል፡፡ ሁለተኛ፣ ፍላጎቱ እዚሁ ተጠራቅሞ ሲጠብቅ እንደኖረ፡፡ በኤም ፔሳና በቴሌብር መካከል ያሉት 14 ዓመታት የሕዝቡ ድንቁርና ወይም የባለሙያ እጥረት ውጤት አይደሉም፡፡

ለብሔራዊ ባንክም ፍትሐዊ መሆን ይገባል፡፡ የሕዝብ ገንዘብ ጠባቂ ነው፤ ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡ ስልክ የያዘው ሰው ጥቂት፣ ቴሌኮሙም አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን የሚመጣው አደጋ ቢያስጨንቀው አይፈረድበትም፡፡ ሆኖም ኬንያም ያንኑ ሥጋት ነበረባት፡፡ እርሷ ሥጋቱን በአደራ ሒሳብና በቅርብ ክትትል መለሰችው፤ እኛ በመከልከል መለስነው፡፡

መደብ የሌለው ሥራ

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በማንኛውም የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1711ም ተዋዋዮች ሕግ ከከለከለው በስተቀር የውላቸውን ጉዳይ በነፃነት እንዲወስኑ ይፈቅዳል፡፡ መርሁ ግልጽ ነው፤ ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው፡፡ በመስኮት በኩል ያለው ልማድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፡፡ በዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ ሥራ የተከለከለ ነው፡፡

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ቢሮዬ መጥቶ ነበር፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ ዕቃ አድርሰው ባዶአቸውን የሚመለሱ የጭነት መኪናዎችን በዚያው መስመር ጭነት ካላቸው ነጋዴዎች ጋር በስልክ ማገናኘት፡፡ ፈቃድ ሊያወጣ ሄደ፡፡ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የንግድ ሥራ መደቦችን ዝርዝር ገልጦ ፈለገ፤ አጣው፡፡ «ትራንስፖርት ነው» ተባለ፤ ትራንስፖርት ከሆነ ደግሞ መኪና ይኑርህ ተባለ፡፡ «ድለላ ነው» ተባለ፤ እሱም ሌላ መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፡፡ ደብዳቤ ጻፍንለት፡፡ ደብዳቤው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው «ለሚመለከተው» እየተባለ ተመራ፡፡ የሚመለከተው ግን አልተገኘም፡፡ በዚህ መሐል ለቢሮ ኪራይ የከፈለው ገንዘብ አለቀ፡፡ ወጣቱ ዛሬ በደመወዝ ተቀጥሮ ይሠራል፡፡ መኪናዎቹም ባዶአቸውን ይመለሳሉ፡፡

ሠራተኛዋን አልወቅስም፡፡ ያልተጻፈ ነገር ፈቅዳ ችግር ቢመጣ ተጠያቂዋ እርሷ ናት፡፡ ከልክላ አገር ያጣው ጥቅም ግን በማንም ሒሳብ ላይ አይመዘገብም፡፡ የንግድ ፈጠራ በጣም የሚጎዳው በክፉ ሹም ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ የተጠያቂነት ሚዛን ነው፡፡

የመውደቅ መብት

ሌላው የሚዘነጋው ጉዳይ ውድቀት ነው፡፡ አዲስ ነገር ከሚሞክሩት አብዛኞቹ አይሳካላቸውም፡፡ ሰው እንዲሞክር ከተፈለገ መውደቁ ዕድሜ ልክ የሚከተለው መሆን የለበትም፡፡

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ለ60 ዓመታት ሲሠራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት፣ ለአክሲዮን ማኅበር ቢያንስ አምስት ሰው ይጠይቅ ነበር፡፡ ብቻውን የሚሠራ ሰው ወይ ቤት ንብረቱን ለዕዳ አጋልጦ ይነግዳል፣ ወይ የሚስቱንና የእህቱን ስም ለቁጥር ማሟያ ያስገባል፡፡ ስንት የቤተሰብ ጠብ ከዚህ እንደመጣ በሙያው ያለን እናውቃለን፡፡ በ2013 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፡፡ በኪሳራ ክፍሉም ነጋዴው ከመውደቁ በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ድርጅቱን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ ዘርግቷል፡፡

በብድርም በኩል ቤት የሌለው ሰው ባንክ ደጃፍ አይረግጥም ነበር፡፡ በሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ ሸቀጥ፣ የሚሰበሰብ ሒሳብ፣ የቁም ከብት ሳይቀር መያዣ እንዲሆን አድርጓል፡፡ ሁለቱም ጥሩ ሕጎች ናቸው፡፡ የሚቀረው የባንክ ሥራ አስኪያጁና ዳኛው እንደ ሕግ ሊያነቧቸው መልመዳቸው ነው፡፡ በሌላ በኩል በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት በእስራት ያስቀጣል፡፡ አጭበርባሪው ይቀጣ፡፡ ነገር ግን በገበያችን ቼክ ብዙ ጊዜ ለዱቤ መያዣነት ይሰጣል፡፡ ንግዱ የወደቀበት ሰውም ከአጭበርባሪው ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣል፡፡

ሞሪሸስ፡ ገበያው ሲጠብ

የሕግ ልቅነት ብቻ ይበቃል እንዳይባል ወደ ሞሪሸስ እንሻገር፡፡ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን የማይሞላ፣ ከአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያንስ ደሴት ናት፡፡ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኢኮኖሚስት ጄምስ ሚድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ ወደፊት ዕጣዋ የጻፈው ተስፋ አስቆራጭ ነበር፡፡ ስኳር ብቻ፣ ብዙ ሕዝብ፣ ጠባብ መሬት!

ደሴቲቱ ነፃ በወጣች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1970፣ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን የሚያበረታታ የነፃ ቀጣና ሕግ አወጣች፡፡ ለሐሳቡ ሲሟገት የነበረው ኤድዋርድ ሊም ፋት የተባለ የአገሪቱ ተወላጅ የምሕንድስና መምህር ነው፡፡ ከሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች መጡ፡፡ በይበልጥ የሚገርመው ግን የስኳር ባለሀብቶቹ ያገኙትን ትርፍ አገር ውስጥ በጨርቃ ጨርቅና በሆቴል ላይ ማፍሰሳቸው ነው፡፡ የስኳር ትርፉ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አውሮፓ በየዓመቱ 507 ሺሕ ቶን ያህል ስኳር በተረጋገጠ ዋጋ ይገዛቸው ነበር፡፡

ይህ ድጋፍ ሁሉ ተራ በተራ ተነሣ፡፡ የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ በ2005 መጀመሪያ አበቃ፤ የአውሮፓ የስኳር ስምምነት በ2009 ተቋረጠ፡፡ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ብዙ ሠራተኛ ተበተነ፡፡ የቀሩት ግን ተለወጡ፡፡ ጥሬ ስኳር ይልኩ የነበሩት የተጣራና ልዩ ልዩ ቡናማ ስኳር ለመሸጥ ተሸጋገሩ፤ ከአገዳው ተረፈ ምርት የሚያመነጩትን ኤሌክትሪክ አስፋፉ፡፡ መንግሥትም በ2006 ባወጣው የንግድ ማቀላጠፊያ ሕግ ነጋዴው አስቀድሞ ደጅ ከሚጠና ሥራውን ጀምሮ በኋላ እንዲፈተሽ አደረገ፡፡ መርሁ ከኬንያው ደብዳቤ ጋር አንድ ነው፡፡

እኛም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞናል፡፡ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ላይ ተማምኖ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያ ከዚያ ተሰረዘች፡፡ የሞሪሸስ ትምህርት የገበያ ዕድል መበደር እንጂ መውረስ አይደለም የሚል ነው፡፡ ተበዳሪው በጊዜው ሌላ ነገር ካልለመደበት ዕድሉ ሲነሣ ባዶ እጁን ይቀራል፡፡

ፈጣሪው አጥር ሲያጥር

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል፡፡ የትናንት ፈጣሪ የዛሬ በር ዘጊ ሊሆን ይችላል፡፡ ሳፋሪኮም ወኪሎቹ ለሌላ ኩባንያ እንዳይሠሩ በውል አስሮ ቆይቷል፡፡ ይህ የተነሣው የኬንያ የውድድር ባለሥልጣን ጣልቃ ከገባ በኋላ በ2014 ነው፡፡ በትንሽ ገበያ አንድ ኩባንያ በቀላሉ ገበያው ራሱ ይሆናል፡፡ ባለቤቱ መንግሥት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ቤት ያድራሉና፡፡ ስለዚህ መፍቀድ ብቻ አይበቃም፡፡ ቀድሞ የገባው በሩን ከኋላው እንዳይዘጋ መጠበቅም የሕግ ሥራ ነው፡፡

ምን ይደረግ?

ከላይ ካየነው ተነሥቼ አራት ነገር እላለሁ፡፡ አንደኛ፣ በመደብ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያግኝ፡፡ መልስ ካልተሰጠው እንደተፈቀደለት ይቆጠር፡፡ ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በትንሽ ልክ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ ሙከራ የመፍቀድ ሥልጣን ይኑራቸው፤ በቅን ልቦና የፈቀደ ሠራተኛም ከተጠያቂነት ይጠበቅ፡፡ ሦስተኛ፣ የንግድ ውድቀትና ማጭበርበር በሕግም በአሠራርም ይለያዩ፡፡ አራተኛ፣ ውድድርን የሚጠብቀው አካል በመንግሥት ድርጅቶች ላይም እኩል አቅም ይኑረው፡፡

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ለፈንድ ማቋቋሚያ፣ ለማዕከል ግንባታና ለሽልማት ሥነ ሥርዓት ከምናወጣው ያነሰ ነው፡፡ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን የባንክ ሥራ አዋጅ አጽድቋል፡፡ ትልልቆቹ በሕግ ተጋብዘው እየመጡ ነው፡፡ ጥያቄው የእኛው ወጣት በመስኮቱ በኩል ሲመጣ «መደብህ የት ነው?» ከመባል በፊት «ማንን ትጎዳለህ?» ተብሎ ይጠየቃል ወይ የሚለው ነው፡፡ መልሱ «ማንንም» ከሆነ፣ ይሥራ፡፡